ጀልባውን ማን ያነሳዋል?

አጎቴ ሜሪላንድ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። አሁን ደግሞ በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪና ይነዳል። ያው ታክሲ ነው፣ የተቀየረው ስሙ ነው። ሥራው ቁጭ ብሎ ስለሆነ ወገቡን ያመዋል። ሐኪሙ “ተንቀሳቀስ” ይለዋል፤ እሱ ደግሞ “ቀኑን ሙሉ ስንቀሳቀስ አይደል እንዴ የምውለው!” ብሎ ይስቃል። ካቻምና ሚያዝያ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ደወለልኝ። ሰኞ የእሱ እሑድ ናት።

“አንተ ልጅ፣ ኢኮኖሚክስ ነው አይደል የተማርከው?”

“አዎ ጋሼ።”

“እንግዲያው አንድ ነገር አስላልኝ። በእግር የሚነዳ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ልገዛ ነው።”

ካያክ ለማታውቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው የሚይዝ ጠባብና ረዘም ያለ ጀልባ ነው። የተለመደው ዓይነት በሁለት ጫፉ ሰፊ በሆነ መቅዘፊያ በእጅ ይነዳል። አጎቴ የፈለገው ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ብስክሌት ፔዳል እየመቱ የሚሄዱበትን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ እግር ሲሠራ እጅ ነጻ ይሆናል። ንፋስ ባለበት ውሃ ላይ በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በሌላው የመንጠቆ ዘንግ ይዞ የታገለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ስሌቱን ሠራሁለት። ተሳሳትኩም። ዛሬ ስለዚያ ስህተት የምጽፈው የእኔ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። ዕቃ ስንገዛ “ስንት ነው?” እንላለን፤ “ማን ያነሳዋል? የት ያድራል? በምን ይሄዳል?” የሚለውን ግን የምንጠይቀው ከከፈልን በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ጭራሽ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

አንድ አምድ የጎደለው ሰንጠረዥ

ለአጎቴ የሚያምር ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ርዝመት፣ ስፋት፣ የመሸከም አቅም፣ የወንበሩ ምቾት፣ የፔዳሉ ዓይነት፣ ዋጋ። እነዚህ ጀልባዎች ርካሽ አይደሉም። አዲስ ከሆኑ ረከስ ያሉት እንኳ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ናቸው፤ ስመ ጥር ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ትልልቆቹ 4,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። እኔ ግን አንድ ሁለተኛ እጅ አገኘሁ። ርዝመቱ 13 ጫማ ተኩል፣ ወርዱ ሦስት ጫማ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ቆመህ ዓሣ የምታጠምድበት፣ ወንበሩ የሳሎን ወንበር የሚያስንቅ። ሻጩ ወደ ሌላ ስቴት እየሄደ ስለነበር በ1,400 ዶላር ለቀቀልን። በሰንጠረዤ በሁሉም አምድ አንደኛ ወጣ።

ክብደት የሚል አምድ አልነበረኝም።

ጀልባው ከነወንበሩና ከነፔዳሉ 125 ፓውንድ ይመዝናል፤ 57 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በላይ ነው። ጤፉን ግን ጀርባህ ላይ ታዝለዋለህ። አራት ሜትር የሚረዝም የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ግን የት ላይ ትይዘዋለህ?

ይህ የአንድ ሞዴል ችግር አይደለም። ፔዳል ያላቸው የዓሣ ማጥመጃ ካያኮች ሙሉ ዕቃቸውን ይዘው ብዙዎቹ ከ80 እስከ 130 ፓውንድ ይመዝናሉ። ሰፊና የማይገለበጥ ሆኖ እንዲያስቆምህ ብዙ ፕላስቲክ ይፈልጋል፤ ፔዳሉ፣ መሪው፣ ወንበሩ ሁሉም ብረትና ክብደት ነው። መረጋጋትን በኪሎ ነው የምትገዛው። ማስታወቂያው ላይ ግን ጀልባው ሁልጊዜ ውሃ ላይ ሆኖ ነው ፎቶ የሚነሳው። ውሃ ላይ ደግሞ ምንም ነገር ከባድ አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሐይቁ

የአጎቴ መኪና ሲዳን ናት። ለፖርቶመጋላና ለማሰሪያ ተጨማሪ 250 ዶላር አወጣን። ሁለታችን ታግለን ጣሪያዋ ላይ ሰቀልነው፤ ከላይ አሰርነውና ጌትስበርግ አጠገብ ወዳለው ክሎፐር ሐይቅ ጉዞ ጀመርን። አውራ ጎዳናው ላይ ፍጥነት ስንጨምር መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያገሳ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የጀልባው አፍንጫ ከንፋሱ ጋር ብድግ ቁጭ ማለት ጀመረ። ከጎናችን የሚያልፍ የከባድ መኪና ሹፌር ክላክሱን አልለቀቀውም። ዳር ይዘን ቆምን። አጎቴ ለተወሰነ ደቂቃ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ከዚያ “አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ኋላ ያለው ሰው መስታወት ላይ ቢወርድስ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ቀን ያላወቅነውን በኋላ ተማርኩ። ድምፁ የሚመጣው ማሰሪያው ዝርግ ሆኖ በንፋስ ሲርገበገብ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ቢደረግ ዝም ይላል። መሃሉን ማሰር ብቻ አይበቃም፤ የፊቱም የኋላውም ጫፍ ለብቻው በገመድ ከመኪናው ጋር መያያዝ አለበት። ማሰሪያው በእጅ ተስቦ የሚቆለፈው ዓይነት ይሻላል፤ እየተሽከረከረ የሚያጠብቀው ብረት ያለው ዓይነት ሳታውቁት ፕላስቲኩን ያጎደጉዳል፣ በተለይ በፀሐይ ቀን። ወንበሩና ፔዳሉ ከመጫኑ በፊት ይወልቃሉ።

ከሁሉም በላይ የመኪናው ጣሪያ በጉዞ ላይ የሚሸከመው ክብደት ገደብ አለው። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የብዙ ሲዳኖች ገደብ ከ100 እስከ 165 ፓውንድ ነው፤ የፖርቶመጋላው ክብደትም ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። የአጎቴ መኪና መጽሐፍ 100 ፓውንድ ይላል። መጽሐፉ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ነበር።

“ጊዜ አጣሁ”

አጎቴ በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ ሄደ። ሁለቱን ከእኔ ጋር፣ አንዱን ለብቻው። ከዚያ በኋላ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነበር። “ጊዜ አጣሁ።” ሰኞ ዕለት ቤት ተኝቶ ይውላል፣ ወይም ተነስቶ ሥራ ይገባል። ጀልባው ጋራዡ ውስጥ የክረምት ጎማና የዳይፐር ካርቶን ተጭኖበት ዓመቱ ዞረ። እኔም እንደ ሁላችን ፈረድኩበት። “ሐበሻ ዕቃ መግዛት እንጂ መጠቀም አያውቅም” ብዬ።

የፋሲካ ዕለት ባለቤቱ ቡና እያፈላች፣ “አልነገረህም እንዴ?” አለችኝ። ለብቻው የሄደ ቀን ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ ጀልባውን መኪናው ላይ ሊመልስ ሲያነሳ ወገቡ ከዳው። ሁለት ሳምንት መንዳት አልቻለም። የመተግበሪያ ሹፌር የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ካልነዳ ገቢ የለም። “ልጁ መርጦልኝ፣ ደክሞልኝ ይከፋዋል” ብሎ እንዳትነግሩት አላቸው።

“ጊዜ አጣሁ” ማለት “ብቻዬን ማንሳት አልችልም” ማለት ነበር። እኔ ስንፍና ብዬ የተረጎምኩት ነገር ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነው።

እስቲ አሁን በትክክል እናስላው። 1,400 ሲደመር 250፣ 1,650 ዶላር። ሲካፈል ለሦስት ጉዞ፣ አንዱ ጉዞ 550 ዶላር። የሁለት ሳምንት ገቢ ሲጨመር ቁጥሩን ለመጻፍ አፍራለሁ። በሰንጠረዤ አንደኛ የወጣው “ርካሽ” ጀልባ ይህ ነው።

የዕቃ ዋጋ የተከፈለበት ገንዘብ አይደለም፤ የተከፈለበት ገንዘብ ለተጠቀምንበት ጊዜ ሲካፈል ነው። የምንጠቀምበትን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ የዕቃው ጥራት ሳይሆን በእኛና በአገልግሎቱ መካከል ያለው ጣጣ ነው። ካያክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጣጣው ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ጠዋት ትጭናለህ፤ ከሰዓት በኋላ ርሶ፣ ደክሞህ፣ ርቦህ እንደገና ትጭናለህ። ስለዚህ ጥያቄው “ሱቅ ውስጥ ላነሳው እችላለሁ?” አይደለም። “ከአምስት ሰዓት ፀሐይ በኋላ፣ ብቻዬን፣ አነሳዋለሁ?” ነው።

ከኋላ ወደ ፊት መምረጥ

እንደገና ብመርጥ ከፔዳሉ አልጀምርም። ከመጨረሻው እጀምራለሁ።

መጀመሪያ፣ ማን ነው የሚያነሳው? አብሮት የሚሄድ ሰው ያለው ሰውና ሰኞ ዕለት ሁሉም ሥራ ላይ ሆኖ ብቻውን የሚቀር ሰው አንድ ዓይነት ጀልባ አይገዙም። ሱቅ ሄዳችሁ ወንበሩንና ፔዳሉን አስወልቃችሁ ባዶውን አካል ወገባችሁ ድረስ አንሱት። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ሁለተኛ፣ የት ያድራል? ሦስተኛ ፎቅ ያለ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ፕላስቲክ ካያክ ከሚገዛ በአየር የሚነፋውን ዓይነት ቢያይ ይሻለዋል፤ ፔዳል ያላቸውም አሉ። ተጣጥፎ የመኪና ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ መንፋቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

ሦስተኛ፣ በምን ይሄዳል? ጣሪያ ላይ ከሆነ የመኪናውን ገደብ አስቀድሞ ማንበብ ነው። ፒክአፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከኋላ ለሚተርፈው ቀይ ጨርቅ ማንጠልጠል እንዳይረሳ። ለከባድ ጀልባና ለታመመ ወገብ ግን እንደ ትንሽ ተሳቢ ያለ የለም። ጀልባው ጉልበት ከፍታ ላይ ስለሚቀመጥ ማንሳት ቀርቶ ማንሸራተት ይሆናል። ተሳቢው ግን ሰሌዳና ማቆሚያ ቦታ ይፈልጋል፤ አፓርታማ ግቢ ውስጥ የሚከለክሉ አሉና አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አራተኛ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ነው? ለዚህ ሁለት ጎማ ያላት ትንሽ ጋሪ አለች። ጀልባው ላይ ባሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ውስጥ ዘንጓን የምታስገባው ዓይነት ፈጣን ናት፣ ከባድ ጀልባ ላይ ግን ቀዳዳውን ልትሰነጥቅ ትችላለች። ከሥር ደግፋ በቀበቶ የምትታሰረው ትሻላለች።

ፔዳሉ የሚመጣው አምስተኛ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1997 ሆቢ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ሲሆን ከጀልባው ሥር ሁለት ክንፎች እንደ ፔንግዊን ክንፍ ግራ ቀኝ ይማታሉ፤ እግር የሚሠራው እንደ ብስክሌት እየዞረ ሳይሆን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየተቀያየረ ነው። ሁለተኛው ፕሮፔለር ያለው ነው፤ እንደ ብስክሌት ይዞራል፣ ወደ ኋላ ስትመታው ወደ ኋላ ይሄዳል። ክንፉ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከጀልባው ሆድ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ፕሮፔለሩ ግን ሣር ሲጠመጠምበት ቆሞ መፍታት ነው። ይህ ልዩነት ለፖቶማክ ወንዝ ሰዎች ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ አገር ያሸበረው፣ ጥቂት ቆይቶም ፖቶማክ ውስጥ የታየው ስኔክሄድ የተባለው መጤ ዓሣ የሚወደው ሣር የበዛበትን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ያንን የሚያሳድድ ሰው ፔዳሉን አጥብቆ ይምረጥ። በትንሽ ሐይቅ ላይ አምባዛ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሁለቱም ያደርሱታል።

የትኛውም ይሁን፣ መቅዘፊያ ቤት አይረሳም፤ ፔዳል ይሰበራል። ላይፍ ጃኬት ይዞ መሄድ ብቻ ሳይሆን መልበስ ነው። በፀደይ አየሩ ሲሞቅ ውሃው ገና በረዶ ነው፤ ሸሚዝ የሚመረጠው በአየሩ ሳይሆን በውሃው ነው። ፔዳል ደግሞ ሳይታወቅህ ሩቅ ያደርስሃል፤ ስትመለስ ንፋሱ ፊትህን ይመታሃል።

“ቀላል ጀልባ ይገለበጣል”

ይህን ሁሉ ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራለት “ቀላል ጀልባ ጠባብ ነው፣ ይገለበጣል፣ ትልቅ ሰው አይሸከምም” አለኝ። እውነቱን ነው። አጭር ጀልባ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ማዕበል ያለበት ሰፊ ውሃ ላይ፣ ለምሳሌ ቼሳፒክ ላይ፣ ረዘም ያለው ይመረጣል። የመሸከም አቅሙም የሰውየውን ክብደት፣ ዕቃውንና ዓሣውን ጨምሮ እስከ ጥግ መሞላት የለበትም፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሦስት ሁለት እጁን አትለፉ ይላሉ። ነፃ ነገር የለም።

ነገር ግን አጎቴ ቼሳፒክ አይሄድም። ቆሞም አያጠምድም፤ ወገቡን አይፈቅድለትም። እኔ ለማይሄድበት ውሃና ለማይቆምበት አቋቋም በኪሎ አስከፈልኩት። ትልቅ መግዛት ስህተት አይደለም። ስህተቱ ለምናልመው ሰው መግዛት ነው። የሚያነሳው ግን የምናልመው ሰው ሳይሆን ያለነው ሰው ነን።

ሌላው ጥያቄ “ለምን ዳር ቆሞ አያጠምድም?” የሚል ነው። ይህን ራሱን ጠይቄው ነበር። “ዳር ላይ ስሆን ስልኩ ይጠራል፣ አነሳዋለሁ። ውሃው መሃል ግን ሁለት እጄ ሥራ ላይ ነው” አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠራው የኖረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

ታንኳ

አጎቴ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ እያየ ነው ያደገው። ስህተቴን ካመንኩ በኋላ የነገረኝ ነገር አለ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆመዋል፣ ይደርቃል። ነገ እንደገና ተሸክሞ ያስገባዋል። ታንኳ ዕድሜው ረጅም አይደለም፤ አርጅቶ ሲበሰብስ ሌላ ይሠራል። “እኛ አገር ጀልባ ሲሠራ ገና ከመጀመሪያው ሰው እንደሚያነሳው ታስቦ ነው” አለኝ።

ታንኳን ላሞግስ አይደለም። በታንኳ የሚሠራ ዓሣ አጥማጅ ኑሮው ከባድ ነው፤ ታንኳው ዘገምተኛ ነው፣ ውስጡም ይረጥባል። ነገር ግን የሚሠራው ሰው ኢኮኖሚክስ ሳይማር የገባው አምድ በእኔ ሰንጠረዥ ላይ አልነበረም።

የሰመጠው ይስመጥ

ከፋሲካ በኋላ “እንሽጠው” ስለው እምቢ አለ። “ይሄን ሁሉ አውጥቼበት?” በትምህርታችን ይህ የሰመጠ ወጪ ይባላል። ያወጣኸው ገንዘብ ብትሸጠውም ባትሸጠውም አይመለስም፤ ስለዚህ ለነገው ውሳኔ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ጀልባው አልሰመጠም፣ ገንዘቡ ግን ሰምጧል፤ ከሥሩ ገብተን አናወጣውም። ይህን ለማስረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያሳመነው የእኔ ትምህርት አይደለም፤ ባለቤቱ ጋራዡን ፈለገችው።

በ1,100 ዶላር ሸጥነው። ለገዢው ክብደቱን ቁጭ አድርገን ነገርነው፤ ሁለት ጎረምሳ ልጆችና ፒክአፕ ያለው ሰው ነበር፣ ለእሱ ልኩ ነው። በምትኩ አሥር ጫማ የሚሆን፣ ወንበሩና ፔዳሉ ሲወልቅ 65 ፓውንድ የሚመዝን ሁለተኛ እጅ ካያክና አንዲት ትንሽ ተሳቢ ከነሰሌዳዋ በጠቅላላ 1,800 ዶላር ገዛን። በዚህኛው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው አምድ ክብደት ነበር። አጎቴ ራሱ ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ አንስቶ፣ አስቀምጦ፣ እንደገና አንስቶ መረጠ።

እስካሁን 22 ጊዜ ሄዷል። የሰመጠውን ትተን 1,800 ለ22 ስናካፍለው 82 ዶላር ገደማ ነው፤ በየሰኞው ይቀንሳል። የሚይዘው ዓሣ ብዙ አይደለም። ወገቡም ድኗል አልልም፤ እሱ ግን “ሰኞ ሰኞ አያመኝም” ይላል።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ላነብለት ፈልጌ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። አያነሳም። ቀኑ ሰኞ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ስልኬን አስቀመጥኩ።

ቸር ሰንብቱ!